ከቆዳ በታች የተሰበረ ክንፍ

በረሃብ የሞተ ወፍ ደረቱ ቢላ ነው፤ ጣት ሲያርፍበት ይቆርጣል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጓዳ ዶሮ ስበልት ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ገና በእጄ ሳነሳት የከሳች ትሁን የተመታች እናገራለሁ።

ኤልዳናን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። የእህቴ ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞት አምስት ዓመቷ ነበር። ዛሬ ዶክተር ናት፣ የሰው ሳይሆን የወፍ። ሰው ሲጠይቀኝ "የወፍ ዶክተር" እላለሁ። ሲስቁ ዝም ብዬ አያቸዋለሁ፤ የእነሱ ልጆች ምን እንደሚሠሩ አውቃለሁ።

ባሕሩ መሐል፣ ከዳር ሆኖ በማይታይ ቦታ፣ አንድ ኩባንያ ለሙከራ ያቆማት በነፋስ መብራት የምታመነጭ ማሽን አለች። የአንዱ ክንፏ ርዝመት እኛ የምንኖርበትን ሕንፃ ያስንቃል ይላሉ። ኩባንያው ሌላ አርባ ሊተክል ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን ማሽኗ የባሕር ወፎችን ትግደል አትግደል ኤልዳና አጥንታ መፈረም አለባት። ቀኑ ዓርብ ነው። የሞቱትን የሚለቅሙት የኩባንያው ጀልባ ሠራተኞች ናቸው፤ ለእሷ የሚደርሳት ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፤ ባሕሩ ሞቀ፣ ዓሣው ሸሸ፣ ወፎቹ በረሃብ ሞቱ።

"አንቺ ራስሽ ዳስሰሻቸዋል?" አልኳት አንድ ቀን።

"ላቦራቶሪ ያያቸዋል እትዬ። እኔ ዳታውን ነው የማየው።"

"ሬሳውን ሳታዪ ነው ለቅሶ የምትቀመጪው?"

"ሶ፣ አሁን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?" ብላ ሳቀች። አንቱታ አታውቅም። እዚህ ያደገ ልጅ እንዲሁ ነው፤ ትቼዋለሁ።

ታብሌቷን ከፍታ አሳየችኝ። በጸደይ ደሴቶቹ ላይ ሄዳ ሰባት ወፎች ይዛ፣ እግራቸው ላይ ቀለበት፣ ጀርባቸው ላይ ትንሽ ሬዲዮ አስራ ለቃቸው ነበር። እያንዳንዷ ወፍ ሰማያዊው ባሕር ላይ የምትሄድ ቀይ ነጥብ ናት። አራቱ ቆመዋል።

"እነዚህስ ምን ሆነው ቆሙ?"

"መጀመሪያ ኔትወርክ ነው ብለውን ነበር። በኋላ ጀልባው ሄዶ ሞተው አገኛቸው።"

ሰኞ ጠዋት አንዋር በምግብ ቤቱ የኋላ በር መጣ። የመኪና ማቆሚያው ጠባቂ ነው። እሑድ እሑድ ሳን ፔድሮ ወደብ ሄዶ ዓሣ ያጠምዳል፤ ይዞ ሲመለስ ግን አይቼው አላውቅም።

"እትዬ ዘቢደር፣ በስተመጨረሻ ያዝኩ" አለና ላስቲክ ሰጠኝ።

"ዓሣ ነው?"

"ዓሣማ ቢሆን ለእርስዎ እሰጣለሁ?"

ወፍ ነበረች። ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ፣ እግሯ እንደ ዳክዬ። ቀለበቱም ሬዲዮውም አለ። የኩባንያው ቢጫ ጀልባ ወደቡ ከገባ በኋላ ማዕበሉ አለቱ ላይ ጣላት አለኝ። ሥራ ስጨርስ በብብቴ ይዣት ቤቴ ገባሁ።

ደረቷን ዳሰስኩ። ሙሉ ነው፣ ስብ አለው። ለፋሲካ የተመረጠች ዶሮ ትመስላለች። ግራ ክንፏን ሳነሳው ግን ተንጠለጠለ። ቆዳው ደህና ነው፤ አጥንቱ ውስጥ ለውስጥ እንደ ብስኩት ደቅቋል። ይቺን ረሃብ አልገደላትም። አንድ ትልቅ ነገር መትቷታል።

እዚህ ላይ እጄን መሰብሰብ ነበረብኝ። አልሰበሰብኩም። ያልተማረችው አክስቷ ላቦራቶሪው ያላየውን እንዳገኘች ኤልዳና ጥርት አድርጋ እንድታይ ፈለግሁ። ይኸው ነው፤ አልደብቅም። ውኃ አፍልቼ ላባዋን ነጨሁ። በየመገጣጠሚያዋ በለትኳት። ውኃው እስኪጠራ ድረስ በሎሚና በጨው አጠብኳት። ላባና ሆድ ዕቃውን ጣልኩት፤ በማግስቱ ጠዋት የቆሻሻ መኪናው ወሰደው። ክንፉን ነጭ ሳህን ላይ፣ ቀለበቱንና ሬዲዮውን አጠገቡ አድርጌ ጠበቅኋት።

ኤልዳና ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጣች። ራሷ ያሰረችውን ቀለበት አንስታ ቁጥሩን አነበበች። ከዚያ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ ምን አደረግሽ?"

"አጥንቱን እዪ።"

"አየሁት። ማሽኗ ናት የመታቻት።" ሳህኑን ዙሪያውን አየች። "ላባውስ?"

"ጣልኩት።"

"ደሙስ? ሆድ ዕቃውስ?"

"ታጥቧል እኮ።"

"በምን?"

"በሎሚና በጨው ነዋ። በምን ይታጠባል ታዲያ?"

ትስቃለች ብዬ ነበር። "እንዳለች ብትሆን ማስረጃ ነበረች" አለች። "አሁን ከአንቺ ኩሽና የወጣ አጥንት ነው። አንቺ ሰበርሽው ቢሉኝ ምን እላለሁ?"

"እኔ አጥንት ሰብሬ አላውቅም። በመገጣጠሚያ ነው የምበልተው።"

"እኔ አውቃለሁ። እነሱ አያውቁም።"

እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኳቸው።

በሩ ተንኳኳ። ኢዮሲያስ ነበር፤ የኩባንያው የጀልባ ሥራ ኃላፊ፣ ኤልዳናንም ያስቀጠራት እሱ ነው። ጨዋ ሰው ነው፣ ኮቴው አይሰማም። ምግብ ቤቱ ይመጣል እንጂ ቤቴን ረግጦ አያውቅም።

"እንደምን ዋሉ እትዬ።"

"ቤቴን ማን አሳየህ?"

"ወፏ" አለና ስልኩን አዞረልኝ። ቀይዋ ነጥብ ከፒኮ ጎዳና ትንሽ ገባ ብላ፣ የእኛ ሕንፃ ላይ ቆማለች።

ሳህኑን ከላይ ቆሞ ብዙ አየው። "ዶሮ ነው?"

"ዶሮ ሬዲዮ አትሸከምም" አልኩት።

ፈገግ ብሎ ሬዲዮውን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። "የኩባንያው ንብረት ነው። ኤልዳና፣ በዚህ ነው ፕሮጀክት የምታስቆሚው?" ጎንበስ ብሎ አሸተተ። "ሎሚ ሎሚ ይላል።"

"ሌላ አገኛለሁ" አለች ኤልዳና።

"ኦኬ። ሐሙስ ጀልባ ይወጣል። ራስሽ ነይና ልቀሚ።"

ዓመት ሙሉ ስትለምነው "ቦታ የለም" ያላት ጀልባ ነው። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ "አይስጉ እትዬ፣ እኔ አብሬያት ነኝ" አለኝ። የሰጋሁት ያን ጊዜ ነው።

አትሂጂ ብዬ ለመንኳት። አንቺ ባታጥቢው አልሄድም ነበር ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። "ባዶ እጄን አልፈርምም ብል ሌላ ሰው ይፈርማል" ነው ያለችው። ታብሌቷን ትታልኝ ሄደች፤ ከቀዮቹ መሐል አንድ አረንጓዴ ነጥብ ጨምራልኛለች። "ይቺ እኔ ነኝ፤ ከወፎቹ ሬዲዮ አንዱን ኪሴ ይዣለሁ። እየደወልሽ እንዳትነዘንዢኝ ነው።"

ሐሙስ ሥራ አልገባሁም። አረንጓዴዋ ነጥብ ገና ሲነጋ ከወደቡ ወጣች። ወደ ማሽኗ ሄደች። ረፋድ ላይ፣ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ቆመች። እኩለ ቀን ሆነ፤ እንደቆመች ነው። ስልኳን አታነሳም። ኢዮሲያስም አያነሳም።

አንዋርን ጠራሁት። ታብሌቱን አገላብጦ አየው።

"ኔትወርክ ነው እትዬ። መሐል ባሕር ላይ ምን ኔትወርክ አለ?"

"ለወፎቹም እንዲሁ ነበር ያሉት።"

የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። "ይነሱ፣ ወደቡ ድረስ ድራይቭ ላድርግዎት።"

ክንፉን ከማቀዝቀዣው አውጥቼ በላስቲክ ጠቅልዬ ያዝኩ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። መንገዱን ሁሉ ታብሌቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነጥቧን አየሁ፤ ንቅንቅ አላለችም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስን። አንዋር መኪናውን ሳያጠፋ በመስታወቱ ወደ ውኃው አየና እጁ መሪው ላይ ቀረ።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

በአገጩ አመለከተኝ። ቢጫዋ ጀልባ ቦታዋ ላይ ታስራለች። ወለሏ ታጥቦ ውኃው ገና ይንጠባጠባል፤ ላይዋ ላይ ሰው የለም።

ታብሌቱን አየሁ። አረንጓዴዋ ነጥብ ባሕሩ መሐል ቆማለች።