ከግጥሟ ግርጌ

ማክሰኞ ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ። ጎሚስታው የአንድ ታክሲ የኋላ ጎማ አውልቆ የውስጡን ጎማ ውሃ ገንዳው ውስጥ እየነከረ ሳለ፣ የሟች ልጁ ጓደኛ ላፕቶፗን ታቅፋ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመች። ልጁ ራፐር ነበረች፤ መድረክ ላይ «ቸርኬ» ነበር የምትባለው። ሙዚቃዋን የምታቀናብርላት ይህቺው ጓደኛዋ ነበረች። ቸርኬ በሕመም ካረፈች ስምንት ወር ሆኗታል።

«ጋሼ፣ ግጥሞቿ በመጽሐፍ ሊወጡ ነው» አለች አቀናባሪዋ። «ከየገጹ ግርጌ ማብራሪያ ይገባል። አድናቂዎቿ ኢንተርኔት ላይ የጻፉትን ሰብስቤያለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ለማተሚያ ቤቱ አስረክባለሁ፤ ከዚያ በፊት እርስዎ ቢሰሙት ብዬ ነው።»

«እኔ ስለ ዘፈን ምን አውቃለሁ?»

እውነቱን ነው፤ አንድም ቀን እስከ መጨረሻው ሰምቶላት አያውቅም። ልጁ ዘፈን ብላ ከሱቁ ከወጣች ወዲህ ክሪክ በእጇ ነክታ አታውቅም፤ በአባቷ ሙያ የምታፍር ይመስለው ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም። ከሞተች በኋላ ግን ይብሱን ይከነክነው ጀመር።

አቀናባሪዋ አነበበች፦

«እስትንፋሴ ሲያመልጥ ውሃ ነው ምስክሬ፣
አባቴ ሲነክረኝ ተገኘ ችግሬ።»

«ማብራሪያው ‹ክርስትና ስለ መነሳቷ ነው› ይላል።»

ጎሚስታው ቀና አለ። «እስቲ ድገሚው።»

ደገመችለት። ጎማውን ውሃው ውስጥ ደፈቀው። ከአንድ ጎኑ ቀጭን አረፋ እየተንጣጣ ወጣ።

«ምስክሩ ይኸውልሽ» አለ። «በየት በኩል እንደሚተነፍስ በዓይን አይታይም፤ የሚናገረው ውሃው ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሆና እኔ ነኝ ያሳየኋት።»

«ታዲያ ክርስትና አይደለም?»

«እኔ ቄስ እመስላለሁ?»

ባልዲ ገልብጦ የተቀመጠው ባለታክሲ ሳቀ። አቀናባሪዋ የነበረውን ሰርዛ አዲሱን ጻፈችና ቀጠለች፦

«ጎረቤቱን ዝለል፣ ማዶውን አጥብቀው፣
ጠሞ የገባውን መንገድ ነው 'ሚያወልቀው።»

«ይሄኛው ‹ሰፈሯን የናቀችበት ነው› ተብሏል። ከሌላ ራፐር ጋር ተጣልታ ነው የሚልም አለ።»

«ከማንም አልተጣላችም። ቡሎን ነው።» መፍቻውን አንስቶ የታክሲው የፊት ጎማ ላይ አሳያት፤ አንዱን ቡሎን አጠበቀና አጠገቡ ያለውን ትቶ ፊት ለፊቱ ወዳለው ሄደ። «በተራ ካሰርሽው ጎማው ጠሞ ይቀመጣል። ከዚያ መንገድ ላይ ጥሎሽ ይሄዳል።»

«ጋሽዬ፣ የምትሠራው ጎማዬን ነው ወይስ ግጥም?» አለ ባለታክሲው።

«ዝም ብለህ ተማር። ሃያ ዓመት ነድተህ የማታውቀውን ልጄ በሁለት መስመር ጨርሳዋለች።»

በድምፁ ውስጥ የነበረው ኩራት ለራሱም አዲስ ሆነበት። እየነገራት፣ እየጻፈች ሄዱ። ማስቲሹ እስኪደርቅ የሚጠበቀው፣ የኮምፕሬሰሩ ጩኸት፣ ከትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ጎማ ስር የተገኘችው ምስማር፣ ሁሉም ግጥሟ ውስጥ አለ። በሱቁ አፍራ አልሄደችም፤ ጠቅልላ ይዛው ነው የሄደችው።

ዘጠነኛው ማብራሪያ ላይ ሲደርሱ አቀናባሪዋ ፈጠን ፈጠን አድርጋ አነበበች፦

«በተዘጋ በር ስር ጎማ ነው ትራሴ፣
ብረቱ ሰማልኝ፣ ስደግም ለራሴ።»

«ይሄ ለጎዳና አዳሪዎች የተዘፈነ ነው ተብሏል። ያምራል፤ እንዲሁ እንተወው።»

ጎሚስታው ዓይን ዓይኗን አያት። እሷ ስክሪኑ ላይ እንዳቀረቀረች ቀረች።

«ነግራሻለች?»

«ነግራኛለች፣ ጋሼ።»

ልጁ መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣች ዕለት የቤቱን በር ዘግቶባት ነበር። በማግስቱ ሱቁን ሊከፍት ሲመጣ ከብረት መዝጊያው ስር አሮጌ ጎማ ተንተርሳ አገኛት። ከዚያ ወዲህ ነገሩን እሷም አላነሳችው፣ እሱም አላነሳው።

«ምን አለችሽ?»

«‹የመጀመሪያ ግጥሜን የሠራሁት እዚያ ነው› አለችኝ። በክፉ አላነሳችዎትም። ደግሞስ ማን ያውቃል? ሰው እንዲፈርድብዎት አልፈልግም።»

ባለታክሲው ስልኩን የሚያይ መሰለ።

«የሌላውን እውነቱን ጽፈን ይሄን ብንዋሽ ሥራዋን ማበላሸት ነው» አለ ጎሚስታው። «ጻፊ። አባቷ በር ዘግቶባት ውጭ ያደረች ዕለት ነው በይ። የተሳሳተው እሱ ነው በይ።»

«‹አባቷ› ብቻ ልበል?»

«ጎሚስታው አባቷ በይ። ያን ሁሉ ያስተማራት ሰው መሆኑም ይታወቅ።»

ጻፈችና ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞረችለት። ሁለት ጊዜ አነበበው፤ አንድም ቃል አላስቀየረም። ከዚያ ወደ ታክሲው ጎማ ተመለሰ።

መጽሐፉ በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን ታትሞ ወጣ። ከአሥራ አራቱ ማብራሪያዎች አሥራ አንዱ የጎሚስታው ናቸው።