ያልማለችው ሯጭ

ውባለም ሰው አታምንም። ሸዋ ሮቢት መናኸሪያው ፊት ለፊት ምግብ ቤት ከከፈተች ጀምሮ ይሄን የማያውቅ ሹፌር የለም። የራሷን ወጥ ቀምሳ «ይሄን ማን ነው የነካው?» የምትል ሴት ናት። እንግዲህ የሷ አንድያ ልጅ ናርዶስ ሩጫ ልትማር የሄደችው ማን ዘንድ ነው? ኑርሃን ዘንድ! ያውም ኑርሃን ሰኞ ለውድድር አዲስ አበባ ይዣት ልሂድ ብላለች። ውባለም እሺ ወይ እንቢ ማለት አለባት፤ እንቢ ካለች ደግሞ ልጅቷ ዳግመኛ ቀና ብላ እንደማታያት ከወዲሁ ፊቷ ይናገራል።

ኑርሃን የዚሁ የይፋት ቆላ ልጅ ናት። ማራቶን ያሸነፈች ጊዜ ባጃጁ ሁሉ ጀውሃ ድረስ ወጥቶ ጡሩንባውን እያስጮኸ ነበር ያስገባት። ሰዉ አበደ። ውባለም እንኳ ፎቶዋን ግድግዳዋ ላይ ሰቅላ ነበር፣ ምን ይደረግ። ብዙም ሳይቆይ የተከለከለ መድኃኒት ተገኘባት ተባለና አራት ዓመት ታገደች። ፎቶዋ ከየቤቱ ወረደ፤ «እኔ ድሮም አሯሯጧ አላማረኝም» የማይል ሰው ጠፋ። የሰፈሯ ሽማግሌዎች ግን ስሟን ሊያጠሩላት ፈለጉ። በነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የሚያልቀው በመሐላ ነውና፣ ቁርኣን ይዘሽ አልነካሁም በይና ማይ፣ ከዚያ ወዲያ አፉን የሚከፍትብሽ ጠቡ ከኛ ጋር ነው አሏት። ኑርሃን አልምልም አለች። በቃ፣ ከተማው ፈረደባት።

እገዳዋ ሲያልቅ ተመልሳ መጣችና፣ ፀሐዩ ሳይበረታ በማለዳ ሴት ልጆችን ማሠልጠን ያዘች። መጀመሪያ ሰዉ ልጁን ደበቀ። ኋላ የሷ ልጆች በዞኑ ውድድር ሌላውን ሁሉ ጥለው ሲገቡ ምላሱ ተገለበጠ። ፈረንጆቹ ቀንተውባት ነው፣ ያ ሥራ አስኪያጇ ነው ጉድ የሠራት ተባለ። ይባስ ብሎ ያ ያልማለችው መሐላ ክብር ሆነላት። አላህን የምትፈራ ልጅ ለዱንያ ነገር ብላ ቁርኣን ትይዛለች ወይ ይሉ ጀመር፤ እነዚያው፣ ባትወስድማ ትምል ነበር ያሉት ሰዎች ናቸው! ባጃጅ ነጂው ሙዐዊያ ሻዩን እየጠጣ ይሄንኑ ሲሰብክ ውባለም ብርጭቆውን ልትነጥቀው ምንም አልቀራት። ትናንት ጥፋት የነበረ ነገር ዛሬ እንዴት ጽድቅ ይሆናል? ንጹሕ ከሆነች ለምን አልማለችም? ይሄን ጥያቄ ስታላምጥ ከረመች፤ ለገባ ለወጣው ሁሉም ከእንጀራው ጋር ታድለው ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሙዐዊያን ባጃጅ ይዛ ወደ ኑርሃን አባት ማሳ ሄደች። ሙዐዊያን መንገድ ዳር አስቁማ ብቻዋን ገባች። ኑርሃን ማሾ እየለቀመች ነበር። ውባለም ነገሩን አዋዝታ፣ ዙሪያውን ዞራ ልታመጣው አስባ ነበር፤ ፊቷ ስትቆም ግን ሁሉም ጠፋባት።

«መድኃኒቱን ወስደሻል?» አለቻት።

ኑርሃን ቀና አለች። «ወስጃለሁ» አለች።

ውባለም ይሄን አልጠበቀችም። ስንት ዓመት የጠረጠረችውን ነገር እንዲህ በአንድ ቃል ሲሰጧት ደነገጠች።

«ቫይታሚን ነው ብለው ነው የሰጡኝ። ግን ቫይታሚን በር ተቆልፎ አይሰጥም፤ አውቄ ነው የወሰድኩት» አለች ኑርሃን። «ሽማግሌዎቹ ማይ አሉኝ እንጂ ወስደሻል ወይ አላሉኝም። በውሸት ቁርኣን ልያዝ? አሁንም እውነቱን ልናገር ስል፣ ተይ፣ የአገሩን ስም መልሰሽ አታጥፊ ይሉኛል። እትዬ ውባለም፣ የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ልጄስ?» አለች ውባለም።

«ናርዶስ ታውቃለች። ገና የመጡ ዕለት ነው ለሁሉም የምነግራቸው። ማንም በር ዘግቶ የሚሰጣችሁን እንዳትውጡ እላቸዋለሁ።»

ውባለም መንገዱን ሁሉ ስትቃጠል ተመለሰች። ሙዐዊያ ቢጠይቃት ቢጠይቃት አልመለሰችለትም። ልጇ ይሄን ሁሉ ጊዜ እያወቀች፣ እናቷ ስትለፈልፍ ዝም ብላ ስትሰማት ኖራለች! ቤት ስትደርስ ናርዶስ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ለምን እንደደበቀቻት ጠየቀቻት።

ናርዶስ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ላንቺ ብነግርሽ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀውሃ ይደርሳል፣ እማዬ። ኑርሃን እኔን አመነችኝ። እኔ ግን አንቺን አላመንኩሽም።»

ውባለም ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስትጠረጥር፣ እሷን የሚጠረጥር አለ ብላ አስባ አታውቅም። ያውም ከማህፀኗ የወጣች! ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ግን ዞራ ወደ በላተኛው ወጣች።

ሙዐዊያ ባጃጁን አቁሞ ተከትሏት ገባና ሻይ አዘዘ። «እህሳ እትዬ፣ ምን አለችዎት? ንጹሕ ናት አይደል?» አለ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማው። በላተኛው ሁሉ ወደሷ ዞረ። ናርዶስ የጓዳው በር ላይ ቆማ እናቷን ታያለች። ወሬው ውባለም ምላስ ላይ ደርሷል፤ እንዲህ ያለ ወሬ እንኳን እሷን፣ ሸዋ ሮቢትንም ገጥሟት አያውቅም።

«ማሾ እየለቀመች ነበር» አለች ውባለም። «ሥራ አላስፈታኋትም።» ሻዩን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችለትና ወደ ልጇ ዞረች። «ነገ በማለዳ አይደል የምትሄዱት? ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

«እሺ» አለች ናርዶስ። ሙዐዊያ ሻዩን ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ ግን ከበሩ አልተነቃነቀችም።