ሦስት መቶ ሃምሳ ካሎሪና አንድ ቁራሽ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ሌሊቱን የዘነበው የግንቦት ዝናብ አባርቶ ከሆስፒታሉ ግቢ ድንጋይ ላይ እንፋሎት ይነሣ ነበር።

እንኳየሁ ጫማዋን አወለቀች። ነጠላዋንም አጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችው። በአንገቷ ያለውን የብር መስቀል በጣቷ ያዝ አድርጋ ጥቂት አሰበችና ተወችው። ሚዛኑ ላይ ወጣች። ቁጥሩ ዋዠቀ፤ ቆመ። ዘጠና አንድ ነጥብ አራት ኪሎ።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ፀደይ ቁጥሩን ጎንበስ ብላ አየችው። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ነጭ ጋዋኗ የተተኮሰ፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ልጅ ናት።

«ይውረዱ እናቴ። እንደገና ይውጡ።»

እንደገና ወጣች። ዘጠና አንድ ነጥብ አራት።

«ከአርባ አምስት ቀን በፊት ዘጠና ሁለት ነበሩ» አለች ፀደይ። «ዛሬ ሰማንያ ሰባት መሆን ነበረብዎት።»

እንኳየሁ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ጎንደር ፒያሳ፣ ከአንድ ባንክ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የካህናት ካባና ቀሚስ ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋ በእግር የሚረገጥ ነው፤ የቀኝ ዳሌዋ መገጣጠሚያ ካለቀ ወዲህ ግን መርገጥ አቅቷታል። በዓመት አንድ ጊዜ ከውጭ አገር የሚመጡ ሐኪሞች አሉ። ያለቀውን መገጣጠሚያ አውጥተው አዲስ ይተካሉ። ገንዘብ አይጠይቁም፤ ኪሎ ግን ይጠይቃሉ። ለእንኳየሁ የቆረጡላት ሰማንያ ሰባት ነው። የስም ዝርዝሩ የሚላከው ነገ፣ ዓርብ ነው፤ ፀደይ ያልፈረመችበት ስም አይላክም።

ፀደይ ሥራውን የጀመረችው በጥንቃቄ ነበር። ጊዜውን የመረጠችው እሷ ናት፤ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ በዓለ ኀምሳ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፣ ስለዚህ ቁርስ በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ልክ ይበላል ብላ። ወረቀቱንም በእጇ ጻፈችው። ቁርስ ሦስት መቶ ሃምሳ ካሎሪ፦ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ግማሽ እንጀራ፣ ሁለት ማንኪያ ሽሮ፣ አንድ ብርቱካን፣ ስኳር የሌለው ሻይ። ምሳ አምስት መቶ። እራት አራት መቶ። «ቁርስ አይዝለሉ፤ ከሦስት መቶ ሃምሳም አይለፉ» ብላ ነበር። «የቀኑ ልጓም እሱ ነው።»

እንኳየሁ አልዘለለችም፤ አላለፈችም። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሚዛን ገዝታ እንጀራውን በግራም መዝናለች። ጥልፍ ስትለካ የኖረች ዐይን ናት፤ የበላችውን የምትጽፍበት ደብተሯም እንደ ጥልፏ ነው። አርባ አምስት ጥዋት፣ አርባ አምስት መስመር፣ ስርዝ ድልዝ የለበትም።

ፀደይ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ገለጠችው። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የፍራፍሬ ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉ ውስጥ ግማሹ በጎንደር ገበያ ወጥቶ አያውቅም።

«ይህ ደብተር እውነት ከሆነ አምስት ኪሎ መቀነስ ነበረብዎት።»

«ከሆነ?»

«ሰውነት አይዋሽም እናቴ።»

«እኔስ?»

ፀደይ የሕክምና ካርዱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ጻፈች።

የእንኳየሁ አባት የደብር መምህር ነበሩ። ልጆች ሲያስተምሩ ዳዊቱ አንድ ነው፤ ተማሪው ስድስት፣ ሰባት። ልጆቹ መጽሐፉን ከበው ይቀመጣሉ፤ የእንኳየሁ ቦታ ሁልጊዜ ከመጽሐፉ ራስጌ ነበር። ፊደል የለየችው ተገልብጦ ነው። ስለዚህ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ የፀደይን ጽሑፍ እንደ ቀና አነበበችው።

«ታካሚዋ የምትበላውን ትደብቃለች።»

እንዲህ የተጻፈበት ካርድ በዚህ ዓመት ብቻ አይደለም የሚቀረው። በመጪውም ዓመት ከመዝገብ ቤት አይወጣም። ይህን ከወረፋ ጓደኞቿ ሰምታለች።

«ማን ነው የሚደብቀው?» አለች።

ፀደይ ደንግጣ ካርዱን በመዳፏ ሸፈነችው።

«አሁንስ ማን ደበቀ?»

«እናቴ፣ ይህ የሕክምና ሰነድ ነው…»

«ስሜ የተጻፈበት ነው። ሌባ ብለሽ ብትጽፊ ይሻለኝ ነበር፤ ሌባ እንኳ ቸግሮት ነው ይባልለታል። ሠላሳ ዓመት የሰው ጨርቅ ተቀብዬ ስቆርጥ አንድ ክንድ ጎደለብኝ ያለኝ የለም። የወርቅ ዘቦ አምነው የሰጡኝ ሴት በእንቁላል ልዋሽ?»

«ልሰድብዎት አይደለም። ብዙ ሰው ያደርገዋል። ያፍርና…»

«ብዙ ሰው ሌላ ነው፤ እኔ ሌላ ነኝ። የማፍርበት ነገር አልበላሁም።»

ዳሌዋን በእጇ ደግፋ ወደ በሩ ሄደችና ከፈተችው።

«መሪጌታ! እስቲ ይግቡ።»

ባለቤቷ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ከውጭ አግዳሚው ላይ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠው ነበር። ዜማ ያስተምራሉ። እንደ መቋሚያቸው ቀጭን ናቸው። ገብተው ቆሙ።

«ይቺ ልጅ እየደበቅሁ እንደምበላ ጻፈች። ይመስክሩ።»

«ማን? አንቺ?» መሪጌታ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ መቱ። «ስሚኝ ልጄ። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ፤ ሐሰት አይወጣትም። ሚዛኑን እኔ አይቻለሁ። ፍርፋሪ ብትበዛባት መልሳ ታነሣለች። እንዲያውም እኔ በገዛ ቤቴ ሳላጠፋ እንጀራዬ በሚዛን ሲሰፈር ዝም ብዬ ኖርሁ። ምነው፣ ሰው እንዲህ ይወነጀላል?»

«የትናንቱን ብቻ ይንገሩኝ፣ የኔታ» አለች ፀደይ። «ከጠዋት ጀምረው።»

«ሸጋ። ትናንት መድኃኔዓለም ነበር። በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣች፤ ጸሎቷን አደረሰች። ከዚያ ያንቺን ቁርስ መዝና፣ ጽፋ በላች። ከዚያ በፊት ከጸበል ጻዲቁ በቀር በአፏ የገባ የለም።»

የፀደይ እስክሪብቶ ቆመ።

«ከምኑ በቀር?»

«ከጸበል ጻዲቁ። ከደብሩ የምይዝላት። ዝክር ያወጣ ሰው ለካህናት የሚያቀርበው ዳቦ፤ አታውቂውም እንዴ? ለማግሥት አድሮ በባዶ ሆድ ይቀመሳል። ከምግብ በኋላማ በረከት ይቀመሳል?»

«በየቀኑ ነው?»

«በጎንደር ዝክር የሌለበት ቀን የትኛው ነው? ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት…» የአንድ እጃቸው ጣት አለቀ። «ታቦት የማይዘከርበት ቀን ቢገኝ እንኳ የሙት ዓመት አይጠፋም።»

«ምን ያህል ነው?»

«ምኑ?»

«ዳቦው፣ የኔታ።»

መሪጌታ ተቀየሙ። «በረከት ምን ያህል ነው ተብሎ ይጠየቃል?»

ፀደይ ወደ እንኳየሁ ዞረች። «ደብተሩ ላይ የለም።»

«ለምን ይኖራል? ደብተሩ የምግብ ነው።»

ፀደይ የሚያስቃት መስሏት ነበር፤ አልሳቀችም። ቦርሳዋን ከጠረጴዛው ሥር አወጣችና ከፈተችው። በወረቀት የተጠቀለለ የድፎ ዳቦ ቁራሽ አለ፤ የቤት አከራይዋ ትናንት ከመድኃኔዓለም ያመጡላት ነው። «ከፊሉን ጠዋት መንገድ ላይ በልቼዋለሁ» አለች። የቀረውን በጠረጴዛዋ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው።

«ይህን ያህላል?»

መሪጌታ አዩት። «ይህማ ለልጅ የሚሰጥ ነው። የካህን ድርሻ እጥፉ ነው።»

«ሁለታችሁ ትካፈሉታላችሁ?»

«እኔ ቆንጥሬ እተውላታለሁ። እሷ ናት የምትደክመው ብዬ።»

«መቶ ሰማንያ ግራም» አለች ፀደይ፤ ድምፅዋ ቀነሰ። «አራት መቶ ሃምሳ ካሎሪ። እጥፉ ዘጠኝ መቶ። ቁርስዎ ሦስት መቶ ሃምሳ አይደለም እናቴ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው።»

እንኳየሁ ዳቦውን አየች፤ ከዚያ ካርዱን።

«ደበቀች ያልሽው እንግዲህ ይህን ነው?»

«እኔ…»

«በመቶ ሰው ፊት ተባርኮ፣ በመቶ ሰው ፊት ተቆርሶ፣ ባለቤቴ በነጠላቸው ይዘውት ፒያሳን መሐል ለመሐል አቋርጠው፣ ‹ለእንኳየሁ ነው መሪጌታ?› እየተባሉ ቤቴ ያደረሱልኝን ነው ደበቀች ብለሽ የጻፍሽው?»

«አልነገሩኝም።»

«አልጠየቅሽኝም! ወረቀትሽ ቁርስ ይላል፤ ምሳ ይላል፤ እራት ይላል። አይበላም ከሚለው ሥር ኬክ ይላል። እኔ ኬክ በልቼ አላውቅም። ለስላሳ ይላል፤ ቺፕስ ይላል። ጸበል ጻዲቅ የሚል መስመር አለው?»

«የለውም።»

«የት ነው የተወለድሽው?»

«አዲ አርቃይ።»

«አዲ አርቃይ ታቦት የለም?»

ፀደይ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «አለ።»

«አንቺ ተምረሽ፣ በቦርሳሽ ይዘሽው ያልቆጠርሽውን እኔ እንዴት ልቁጠረው? ግማሹን በመንገድ በልተሽ ነው እኔን የምትመረምሪው?»

መሪጌታ ሊያበርዱ ፈለጉ። «ተይ እንኳየሁ። ልጅ ናት። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ብጣቂውም ሙሉውም በረከቱ እኩል ነው። ከእንግዲህ የጥፍር ያህል ቆንጥረሽ…»

እንኳየሁ ቀስ ብላ ዞረች።

«እኩል ነው?»

«እኩል ነው እንጂ።»

«‹አትተዪው፣ በረከት አይተርፍም፣ ጨርሺው› ሲሉኝ የኖሩት ማን ናቸው? ሃያ ስድስት ዓመት! እኩል ከነበረ ምነው እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ? እርስዎ እየቆነጠሩ እኔን ያስጨርሱኛል?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ አዛወሩ።

«ቃሉን አጥፊው» አለች እንኳየሁ ወደ ፀደይ ተመልሳ።

«እናቴ፣ ፊርማውን ግን አልችልም። ቁጥሩ…»

«ቁጥሩን አይቻለሁ። ሰማንያ ሰባት አይደለሁም፤ የሌለኝን ፈርመሽ ስጪኝ አልልሽም። ቃሉን አጥፊው። ይህን ቃል ተሸክሜ ለመጪው ዓመት ማን ያስገባኛል?»

«የሕክምና ካርድ አይፋቅም። የሚቻለው አንድ ነው፤ መስመር እሰርዝበትና ጎኑ እፈርማለሁ። የተሰረዘው ግን ይነበባል።»

«ይነበብ። ከበታቹ የምልሽን ጻፊ።»

ፀደይ በቃሉ ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረች፤ ፈረመች። እስክሪብቶዋን አንሥታ ጠበቀች።

«ታካሚዋ አልደበቀችም።»

ጻፈች።

«አልተጠየቀችም።»

ፀደይ ቀና አለች። «ሁለተኛው ጥፋቱን የእኔ ያደርገዋል። አለቃዬ ያነበዋል።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ፀደይ ወደ ካርዱ ጎንበስ አለች። ከዚያ ጻፈች።

«አራት ነጥቡን አልጨረስሽም» አለች እንኳየሁ።

ፀደይ አራት ነጥቡን ጨረሰች። «ስምዎን ለመጪው ዓመት ዛሬውኑ አስመዘግባለሁ» አለች። «ወረቀቱንም እቀይረዋለሁ፤ ለሌሎቹም።»

«ቀይሪው።»

እንኳየሁ ጫማዋን አጠለቀች። ለማጎንበስ ዳሌዋ አልፈቀደላትም፤ መሪጌታ ሊያግዟት እጃቸውን ዘረጉ፣ አልተቀበለችም። ነጠላዋን አጣፋች፤ ደብተሯን ያዘች፤ ወጣች።

ከግቢው በር ላይ መሪጌታ ባጃጅ አስቆሙ። እንኳየሁ ገብታ ተቀመጠችና ደብተሯን ከጎኗ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አኖረችው።

«እኔስ?» አሉ መሪጌታ።

«እርስዎ ቀጭን ነዎት። በእግርዎ ይምጡ።»

ባጃጁ ወደ ፒያሳ ወጣ። ሐኪሞቹ ሰኔ አሥራ ስድስት ቀን ጎንደር ገቡ፤ አሥራ ዘጠኝ ሰው አከሙ፤ ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን ተመለሱ።