የወረቀቱ ራስጌ

የዚያ ዓመት የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ለሞጣ ተማሪዎችም ቢቸና ላይ ነበር የሚሰጠው። ይርጋነሽን ከሞጣ በበቅሎ ያመጧት አባቷ መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው። ለባለጸጋው ለአቶ የሻው ልጅ እንዲድሯት ዘመድ አዝማዱ ወጥሮ ቢይዛቸው፣ «ሚኒስትሪን ካለፈች ደብረ ማርቆስ ትማራለች፤ ከወደቀች በጥር ትዳራለች» ብለው በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥተዋል። ቃላቸውን እንደማያጥፉ ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ፈተናው አላስቸገራትም። እሷ ሒሳቡን ጨርሳ ሌሎቹ ገና እስክሪፕቷቸውን ይነክሱ ነበር። ያን ጊዜ ነው ከአዲስ አበባ የተላከው ፈታኝ፣ አቶ ቀለሙ፣ አጠገቧ መጥቶ የቆመው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አላት፣ የመልስ ወረቀቷን ራስጌ በጣቱ እየነካ።

በቀለም የተሣለች ትንሽ መስቀል ናት። ይርጋነሽ መሣሏንም አታስታውስም። አባቷ ፊደል ሲያስቆጥሯት መስቀል ሳይቀድም አንዲት ፊደል አያስጽፏትም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እጇ ባዶ ወረቀት ባገኘ ቁጥር ሳያማክራት ያማትባል። ጠዋት ፈታኙ «ከፈተና ቁጥራችሁና ከመልሳችሁ በቀር ምንም ምልክት እንዳታደርጉ» ሲል በደንብ ሰምታለች። መስቀል ምልክት ነው ብሎ ማን ያስባል?

«ካንስል ነው» አላት። «አራሚው በምልክት ዘመዱን እንዳይለይ ተብሎ የወጣ ደንብ ነው። የአንዱ ትምህርት ወረቀት ከተሰረዘ የሌሎቹም አይታረሙም።»

«ጌታዬ፣ በመስቀል ማን ይለያል? እዚህ አገር የማይሥለው የለም እኮ።»

«ደንብ ነው አልኩሽ።»

«እንግዲያው ሌላ ወረቀት ይስጡኝና ልገልብጠው። ሰዓቱ ይበቃኛል።»

«ትርፍ ወረቀት አልመጣም።»

ደንብ የሚሉት ነገር ጆሮ አልተፈጠረለትም። ሰውየው ከመልሶቿ ላይ ቀይ መስመር ለማስመር ጎንበስ ሲል ከሸሚዙ ኮሌታ ሥር ማተቡ ብቅ አለ። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ክፉን ይረግሙታል። ይኼን ምን ይሉታል? በእሱ ተናደደች፣ በገዛ እጇ ተናደደች፣ እግዜር ይቅር ይበላትና በአባቷም ተናደደች።

መሪጌታ ከግቢው ውጭ ዋርካ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ከተማሪው ሁሉ ቀድማ ብቻዋን ስትወጣ አይተው ፊታቸው በራ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ፣ አባ።»

«ከብዶሽ ነበር?»

«አልከበደኝም።»

«መስቀሉንስ አስቀደምሽ?»

እውነቱን ብትነግራቸው በጥር መዳሯ ሳያንስ የእሳቸውም ልብ ይሰበራል።

«አስቀድሜያለሁ» አለች።

«በይ እንግዲያ አልፈሻል» አሉና፣ እየሣቁ ኮርቻውን ሊያጠብቁላት ወደ በቅሎዋ ሄዱ።