አበባውን ማን ይጠራዋል

"መለሰን!" አለ ገዳሙ፤ ማጭዱን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ የጥሩብርሃንን አጥር ታክኮ እየወረደ። ከኋላው ስምንት ሰዎች ማጭዳቸውን እንደያዙ ተከትለውታል። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው፤ በዚህ ሰዓት በጎረቤታቸው በአበባው ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብለው መታየት ነበረባቸው።

ላሟን ከጋጣ እያወጣች የነበረችው ጥሩብርሃን ቀጥ አለች።

"ማን ነው የመለሳችሁ?"

"አበባው ነዋ! 'እርሻዬን አትንኩ' ብሎ ድንበሩ ላይ ቆመ። ለነፍሳችን ብለን ሁለት ዓመት አጨድንለት፤ አንድ ቀን መልስ አላልነውም። ሕመሙ ሊነሳበት ነው መሰል።"

"ተቆጥቶ ነው?"

"አልተቆጣም። እሱ እኮ ነው የገረመኝ፣ አበልጄ። 'እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ሂዱልኝ' አለን።"

ገዳሙ የመጨረሻ ልጇን ክርስትና ያነሳ ሰው ነው፤ ውሸት አያውቅም። ነገሩ አልለቀቃትም። ጤፉ ደርሷል፤ በይጁቤ በኩል ወቅቱ ያልሆነ ደመና ተንጠልጥሏል። አንድ ዝናብ ቢያገኘው ይረግፋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ዘጠኝ ማጭድ የሚመልስ ሰው ምን አስቦ ነው?

አበባው የታመመው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ፤ ቀጥሎ ከማይታይ ሰው ጋር መከራከር ጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት መጥረቢያ ይዞ ወደ ወንዙ ሲሮጥ ለሰባት ጥለው አሰሩት። ጠበል ከረመ፤ ከዚያም ማርቆስ ከተማ ሆስፒታል ሄዶ ታከመ። ይኸው ዓመት ሆነው፤ ኪኒኑን እየዋጠ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ልጆቹን ያሳድጋል። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ሂዊ ከቅዳሴ በኋላ "እንደማንኛውም ሕመም ነው፣ ይታከማል" ብላ ስታስተምር ሀገሩ ሁሉ አንገቱን ነቅንቋል። ጥሩብርሃንም ነቅንቃለች።

ላሟን ለልጇ ትታ ወጣች። አበባው ብቻውን ያጭዳል፤ ሚስቱ የብርጓል ከኋላው ነዶ ታስራለች። የብርጓል ሰላምታውን እንደጨረሰች ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ኪኒኑን ካቆመ አራት ቀኑ ነው፣ እትዬ። ለምኜው ለምኜው እምቢ አለኝ። ፋሲካ ላይ ሲያቆም ምን እንደሆነ አይተውታል።"

ጥሩብርሃን ወደ እሱ ቀረበች።

"ሰው ሊረዳህ ቢመጣ ትመልሳለህ?"

አበባው ቀና ብሎ ላቡን ጠረገ። ዓይኑ ንጹሕ ነው፤ የደከመ ብቻ ይመስላል።

"እትዬ፣ ወንፈል ምንድን ነው?"

"ዛሬ ላንተ፣ ነገ ለኔ ነዋ።"

"ለኔ ነገ የለውም። ባለፈው ማክሰኞ አያ ገዳሙ ማሳ ማጭዴን ስዬ ሄድኩ፤ ሳልጠራ። እየሳቁ ከእጄ ወሰዱት። 'አንተ አረፍ በል' ብለው ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። እንጀራውን ከሁሉ አስቀድመው ለኔ አቀረቡ፤ እንደ ንስሐ አባት! ልጄ ቆሞ ያየኛል።"

"ኪኒኑንስ ለምን ተውከው?"

"ኪኒን ለሚውጥ ሰው ማጭድ አይሰጥማ። ብተወው ድኗል ብለው ይጠሩኛል ብዬ ነው።"

የጥሩብርሃን ባል አምደሚካኤል ካረፈ አራት አዝመራ ሆኗል። አራቱንም ጎረቤት አጭዶላታል፤ መልሺ ያላት የለም። ደግነት ነው፤ ደግነት መሆኑን ታውቃለች። ጠላ እየቀዳች "እግዜር ይስጥልኝ" ስትል ግን ዓይኗን የት እንደምታሳርፍ እስከ ዛሬ አልለመደችም። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለአበባውም አልተናገረችም።

"ነገ የኔ ቀን ነው" አለችው። "ማጭድህን ይዘህ ና። ኪኒንህንም።"

"ሰው ፊት ልውጠው?"

"ሰው ፊት። ኪኒኑን ካልያዝክ አትምጣ።"

የብርጓል እዚያው ስልኳን አውጥታ ሲስተር ሂዊ ዘንድ ደወለች። ዛሬውኑ ይጀምር፣ ሰኞ መጥቶ ይታይ ተባለች።

ገዳሙ ወሬውን ሲሰማ አልሳቀም።

"ማጭድ ይዞ?"

"በጥርሱ ይጨድ እንዴ?"

"ቀልዱን ተይው፣ አበልጄ። መጥረቢያውን ረሳሽው? አጠገቡ ቆሞ የሚያጭድ ሰው የለም። ጤፍሽ ማሳ ላይ ቢቀርስ?"

ጤፉ የዓመት እንጀራዋ ነው። ደመናውን ሽቅብ አየችው።

"ያን ቀን ያ መጥረቢያ ለምን ነበር? ጠይቀኸው ታውቃለህ?"

"እብድ ምን ተብሎ ይጠየቃል?"

"ዛሬ ጠዋት 'እግዜር ይስጥልኝ' ብሎ የመለሰህ እብድ ነው?"

ገዳሙ ጺሙን አሸት አሸት አደረገ።

በማግስቱ ከዘጠኙ ስድስቱ መጡ። አበባው ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ነበር። መደዳውን ይዘው ማጨድ ሲጀምሩ በእሱና በቀጣዩ ሰው መካከል ሌላ ሁለት ሰው የሚያስቆም ክፍተት ተተወ። የሚዘፍንም አልነበረም። አበባው አንገቱን ሰብሮ አጨደ፤ እስከ ምሳ ከሁሉም ፊት ቀድሟል።

እንጀራው ቀርቦ ከተበላ በኋላ ጥሩብርሃን ለሌሎቹ ጠላ፣ ለአበባው በጣሳ ውሃ አመጣች። አበባው ጣሳውን ይዞ ቆየ። ከዚያ ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ኪኒን አውጥቶ ዋጠ። የሁሉም ዋንጫ በያለበት ቆመ። ጥሩብርሃን ተጸጸተች። ጠርታ ባታዋርደው ኖሮ ምን ነበረበት?

"ይመራል እንዴ?" አለ እንዳላማው የሚባለው ጎረምሳ።

"ካንተ እናት ጠላ አይብስም።"

አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እንዳላማው ራሱ ፈገግ ብሎ ጠጋ አለ።

"የምሬን ነው። ምን ያደርግልሃል?"

አበባው አሰበ። "ጭንቅላቴ ውስጥ ገበያ የቆመ ያህል ይሰማኛል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮሃል፤ ሁሉም እኔን ይጠራል። ይሄ ገበያውን ይበትነዋል። ማታ እንደ ሰው እተኛለሁ።"

"ሲጠሩህ ድምፃቸው እንደኔ ድምፅ ነው?"

"እንዳንተው።"

"የምታውቃቸው ናቸው?"

"አንዳንዶቹ።"

ሲስተር ሂዊ "ጥያቄ አለ?" ስትል አንድ እጅ አልተነሳም ነበር። አሁን ግን አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይጠይቃል፤ እስከ መቼ ትውጠዋለህ፣ ለልጅ ይተላለፋል ወይ፣ ጠበሉን ተውከው ወይ። "ቅዳሜ ቅዳሜ እጠመቃለሁ፤ ኪኒኑንም እውጣለሁ። ካህኑ ራሳቸው ናቸው አንዱ አንዱን አይከለክልም ያሉኝ" አለ አበባው። በመጨረሻ ገዳሙ ዋንጫውን መሬት አስቀመጠ።

"አበባው፣ አትቀየመኝ። ያን ጠዋት በመጥረቢያው ማንን ልትመታ ነበር?"

አበባው ጣሳውን አጠገቡ አስቀመጠ።

"ማንንም። ወንዙ ዳር ካለ ባሕር ዛፍ ውስጥ ነበር የሚጠሩኝ። እሱን ልቆርጥ ነው።"

"ዛፉን?"

"ዛፉን።"

"የኔን ባሕር ዛፍ?"

"ያንተን፣ አያ ገዳሙ።"

ገዳሙ አፈጠጠበት። "ታዲያ እንኳን አሰርንህ!" አለ። "ዘንድሮ ለቤት ማገር ሊሆነኝ የደረሰ እኮ ነው!"

ሳቁ ከማሳው ወደ መንገዱ ተሻገረ። አበባውም ሳቀ፤ ዓይኑን በእጅጌው እስኪጠርግ። ገዳሙ ግን ሳቁ ካለቀ በኋላ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። "ሁለት ዓመት ሙሉ አልጠየቅነውም" አለ ለራሱ።

ከምሳ በኋላ ወደ መደዳው ሲመለሱ ከአበባው አጠገብ የቆመው እሱ ነው። "እግሬን ብትቆርጠኝ ሚስቴን እስከ ልጆቿ ትጦራለህ፣ እወቅ" አለው። አበባው "ሚስትህን አውቃታለሁ፤ እጠነቀቃለሁ" ሲል ዘፈን ተነሳ።

አሥር ሰዓት ላይ ጤፉ ታጭዶ ነዶው ተሰበሰበ። ሰዎቹ ማጭዳቸውን እየጠራረጉ ሳለ አበባው ወደ ጥሩብርሃን መጣ።

"እትዬ፣ የዛሬውን እኔም ለነፍሴ ልበለው?"

ፈገግ ብሎ ነው የጠየቃት። ሌሎቹ ግን ጆሯቸውን አቁመዋል። "እግዜር ይስጥልኝ" ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

"ለነፍስህ ሌላ ሥራ ፈልግ" አለችው። "ያንተ ቀን ሐሙስ ይሁን። እመጣለሁ።"

"ምግቡን የብርጓል ትሠራለች፣ አይድከሙ።"

"ምግብ ማን አለ? ላጭድ ነው።"

"እንዴ፣ አበልጄ!" አለ ገዳሙ። "ሴት ወንፈል ስትገባ የት አየሽ?"

"ሐሙስ ታያለህ። አንተም ከመጣህ።"

"እኔማ እመጣለሁ" አለ ገዳሙ ቶሎ ብሎ፤ ከዚያም ወደ አበባው ዞረ። "ከጠራኸኝ።"

ጥሩብርሃን የእንዳላማውን ማጭድ ተቀብላ ስለቱን በአውራ ጣቷ ሞከረችው፤ ከዚያም ጎንበስ ብላ ከድንበሩ ላይ የቀረ አንድ ጭብጥ ጤፍ አጨደች። ማጭዱ ለእጇ ከበዳት። ከሐሙስ በፊት ቀለል ያለ ትገዛለች።