ነፋስ አለ ወይ?

«አንዱን ብቻ ይምረጡ እትዬ፤ የቀሩትን ጓደኞቹ ይወስዷቸዋል» አለ የሟች ታናሽ ወንድም፣ ሦስቱን የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች ከግድግዳ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ እየደረደረ።

ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሚስትየው የያዘችው ሻይ ቀዝቅዟል፤ ግን አላስቀመጠችውም። እንባ እምቢ ብሏታል። ጎረቤቶች «እሷስ ድንጋይ ናት» ሲባባሉ ሰምታለች፤ አልከፋትም፣ ደስም አላላትም።

«እኔ ምኑን አውቄ» አለች።

«እኔ ልንገርሽ እህቴ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ከሟች ጋር ሠላሳ ዓመት ወንዝ ለወንዝ የዞረ ሰው ነው። «ይሄ ወፍራሙ ለሐይቅ ነው፣ ነፋስ ሲኖር። ረጅሙ ለክረምት፣ ወንዙ ሲሞላ። ይቺ ቀጭኗ የበጋ ናት፤ ውሃው ሲጠራ፣ ነፋስ ሲጠፋ። ከላባ የተሠራችውን የማጥመጃ ዝንብ ውሃው ላይ ስታሳርፋት ዓሣው እንኳ አይነቃም። ባልሽ ከእኔ ምላጭ ይልቅ እሷን ያምን ነበር፤ ጢሙን አይተሻል መቼም።»

ለለቅሶ የመጡት ሰዎች ፈገግ አሉ። እሷ የቀጭኗን ዘንግ ጫፍ አየች። ስብራቱ በሰማያዊ ክር ተጠግኗል።

ክሩ ከእሷ የስፌት ሣጥን የወጣ ነው። ባሏ ጠዋት ጠዋት ዘንጎቹ ፊት ቆሞ «ነፋስ አለ ወይ?» ይላት ነበር። እሷ በማድ ቤቱ መስኮት የተሰጣውን ልብስ አይታ ትነግረዋለች፤ እሱም በቃሏ አንዱን ያነሳል። አንድ ቀን ልብሱ እየተርገበገበ «የለም» አለችው። ብቻዋን መዋል ሰልችቷት ነበር። ቀጭኗን ይዞ ሄደ፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ጫፏን ሰብሮ፣ ባዶ እጁን ተመለሰ። «ነፋሱ ሸወደኝ» አለ እንጂ አልወቀሳትም። ይህን አሥራ አንድ ዓመት በሆዷ ይዛ ኖራለች።

«ይቺ የተሰበረች ቀን ነፋስ ነበረ» አለች አሁን፣ ዘንጓን እያየች። «የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ያውቅ ነበር እኮ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ደጃፍ ላይ ባርኔጣው እንዳይበር በእጁ ይዞ፣ ‹ዛሬ ቶሎ ግባ ማለቷ ነው› አለኝ። ወፍራሙን ውሰድ እንጂ ስለው፣ ‹ዘንግ ከቀየርኩ እንደነቃሁባት ታውቃለች› ብሎ እምቢ አለ።»

ሚስትየው ሻዩን አስቀመጠች። ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ውጭ አንሶላው ገመዱ ላይ ይርገበገባል። ቆማ አየችው።

ተመልሳ ቀጭኗን ዘንግ አነሳችና በሩ አጠገብ፣ እሱ ጫማውን የሚያስርበት ቦታ አስደገፈቻት።

«ዛሬ ነፋስ የለም» አለች።