ለሜዳዩ የተዋሰችው ነጠላ

«የሻምበል ኣስመላሽ ቤት ይህ ነው?» አለ መቶ አለቃ ደጉ በተሰባበረ ትግርኛ፣ ኮፍያውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ።

ኣምለሰት በሩን ከፍታ ወጣች። ልጇ ኣስመላሽ መቶ አለቃ እንጂ ሻምበል አልነበረም። ከሁለት ወር በፊት ቆላ ውስጥ በውጊያ ሞተ ብለው ሲያረዷት ሬሳውን አላሳዩአትም፣ ልብሱንም አላመጡላትም። ታዲያ የሞተ ሰው ይሾማል እንዴ? ተሳስተዋል ማለት ነው። ቆስሎ አንዱ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ድኗል፤ ተሹሟል። ጥቁር ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፍፋ እልልታዋን አቀለጠችው። የጸጸራት ሰፈር ሰው ከየደጁ ብቅ አለ።

«እናቴ፣ ኧረ ይረጋጉ!» ደጉን ላብ አጠመቀው። «ማዕረጉ የተሰጠው... ከሞተ በኋላ ነው፤ ለክብሩ። እሑድ ደግሞ የጀግንነት ሜዳይ ይሰጠዋል። እርስዎ ይቀበሉለታል።»

ጥቁር ነጠላዋን መልሳ ተከናነበች። «መቃብሩስ፣ ወደይ፣ ልጄ?» አለችው።

«ቦታው አሁን በወንበዴዎች እጅ ነው። መኪና አይገባም።»

«ለሜዳዩ ግን እስከ ደጃፌ መኪና ገባ።»

ደጉ ኮፍያውን ከብብቱ አወጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። «የጦራችን ጄኔራል ራሳቸው ይመጣሉ፤ እሳቸውን ይጠይቁ። ብቻ... በጥቁር ልብስ እፊታቸው አይቀረብም።»

ከባሏ መቃብር ጎን ለልጇ የሚሆን ቦታ ቄሶቹን ለምና አስከልላ ነበር። ቦታው ባዶውን ተቀምጧል። ስለዚህ ቅዳሜ ጎረቤቷ ጸሃይ ዘንድ ሄዳ ባለ ጥለት ነጭ ነጠላ ተዋሰች። ትምህርት ቤት አማርኛ የምታስተምረው ጸሃይ ነጠላውን በእጇ ይዛ አመነታች።

«ኣደይ ኣምለሰት፣ እናቴ፣ ሰው ምን ይላል? ጎረቤታችን የኣርኣያ እናት እንኳ ልጃቸው ከታጋዮቹ ጋር በረሃ ገብቶ ሳለ፣ ለንጉሥ ወታደር በጓሮ በር እየመጡ ከእርስዎ ጋር አልቅሰዋል።»

«አጥንቱ ይግባልኝ እንጂ ሰውስ ይበል። ይልቅ ለጄኔራሉ የምናገረውን በአማርኛ አስተምሪኝ።»

እሑድ በሥነ ሥርዓቱ ላይ የልጇ የጀብዱ ታሪክ ሲነበብ አማርኛው ከበዳት። «ብቻውን»፣ «እስከ መጨረሻው»፣ «ኮረብታውን» የሚሉትን ለየች። የትኛው ኮረብታ እንደሆነ ግን አልተነበበም። ጄኔራሉ ሜዳዩን ደረቷ ላይ ሊያደርጉ ጎንበስ ሲሉ፣ ሌሊቱን ስታጠናው ያደረችውን አንድ ዐረፍተ ነገር ሳትሳሳት ተናገረች።

«ጌታዬ፣ የልጄን አጥንት ይስጡኝ።»

«ይታሰብበታል፣ እናታችን» አሏት። ፎቶ አንሺው ቀና እንድትል በእጁ አመለከታት። ቀና አለች። እሳቸውም ሜዳይ ወደምትጠብቅ ሌላ መበለት አለፉ።

ማክሰኞ ፎቶዋ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ ይሸጥ ጀመር። ነጭ ነጠላዋ ደምቋል፤ ከሥሩ «የጀግናው እናት ደስታቸውን ገለጡ» የሚል ተጽፏል። ጸጸራት ውስጥ እልልታዋን ያልሰማ ሰው አልነበረም፤ አሁን ደግሞ ፎቶውን አየ።

ኣምለሰት ነጠላውን አጥባ መለሰችና ጥቁሯን ለበሰች። ጄኔራሉ በወሩ ወደ ሌላ ጦር ተዛወሩ። የኣርኣያ እናት ከዚያ በኋላ በጓሮ በርም አልመጡም።